ማግኔት ባህር ላይ በር አይዘጋም

ጥያቄው አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦ «30 ዓመት ያለፋት፣ 10 ሜትር የምትረዝም የሸራ ጀልባ አለችኝ። ባለፈው ጉዞ ኃይለኛ ሞገድ በጎን መታንና የካቢኑ ሁለት ቁም ሳጥኖች ተበርግደው ጣሳው፣ ሰሃኑ፣ መጽሐፉ ወለል ላይ ተዘረገፈ። ሰው አልተጎዳም። በሮቹን የሚይዛቸው ትናንሽ ባለ ሞላ መያዣ ነው። በጠንካራ ማግኔት ልቀይረው አስቤአለሁ። አንድ ወዳጄ ግን በየበሩ ቁልፍ ግጠም ይለኛል። ከአልጋ ስር ያሉት ሳጥኖች ፍራሽ ስለሚጫናቸው አላሳሰቡኝም። በሚቀጥለው ወቅት ሦስት ቀን የሚፈጅ ጉዞ አለብኝ። የትኛው ይሻላል?»

ሁለቱም አይሆኑም። ማግኔቱም፣ ቁልፉም። ያላሳሰበዎት ፍራሽ ደግሞ ከሁለቱም ይብሳል፤ እሱን ትንሽ ቆይቼ አነሳዋለሁ።

የሞላ መያዣና ማግኔት ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም በሩን ይይዙታል እንጂ አይዘጉትም። ኃይል ሲበዛባቸው ይለቃሉ፤ የተሠሩትም ለዚያው ነው። ቤት ውስጥ ይህ ጥሩ ጠባይ ነው። በሩን ሳብ ሲያደርጉት ይከፈትልዎታል። ባህር ላይ ግን በሩን ለመክፈት የሚታገለው እርስዎ ብቻ አይደሉም። ጣሳውም ከውስጥ ይገፋል። መያዣው የእርስዎን እጅ ከጣሳው ለይቶ አያውቅም።

ማግኔት ሌላም ጣጣ አለው። ኃይሉን የሚያገኘው ከብረቱ ጋር ገጥሞ ሲነካካ ነው። በመሃል አንድ ሚሊ ሜትር ክፍተት ከገባ ጉልበቱ ክፉኛ ይወርዳል። የጀልባ በር ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጣመማል። ዛሬ ልክክ ያለው በር ከወር በኋላ ልክክ አይልም። «ጠንካራ» የሚባሉት የኒዮዲሚየም ማግኔቶች ላይ ላዩን ያለው ሽፋን ከተፋቀ በጨው አየር ቶሎ ይዝጋሉ። የኮምፓሱም ነገር አለ። ብዙ ጀልባ ላይ ኮምፓሱ የሚገጠመው በካቢኑ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ከግድግዳው ወዲህ፣ ካቢን ውስጥ፣ ማግኔት ያለው በር የገጠመ ሰው አቅጣጫው ለምን እንደሚዛባበት ሲፈልግ ይከርማል።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ 12 ኪሎ የታሸገ ምግብ አለ እንበል። ጀልባዋ በጎኗ ስትተኛ የቁም ሳጥኑ በር ወለል ይሆናል። ጣሳዎቹ ከመጀመሪያውም በሩን ተደግፈው ከተቀመጡ በሩ የሚሸከመው 12 ኪሎውን ነው። ድንገት ስለተጫነበት ደግሞ ቢበዛ እጥፉን። በጣሳዎቹና በበሩ መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጣሳዎቹ መጀመሪያ 15 ሴንቲ ሜትር ይወድቃሉ፣ ከዚያ በሩን ይመቱታል። በሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተለምጦ ቢያቆማቸው እንኳ በአማካይ የሚያርፍበት ጫና ከ180 ኪሎ በላይ ነው። ያው ዕቃ፣ ያው በር፣ ያው ሞገድ። ልዩነቱን ያመጣው ባዶው ቦታ ነው።

ስለዚህ ቁም ሳጥንዎ የተበረገደው መያዣው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ውስጡ ሳይሞላ ስለቀረም ነው። መያዣውን ብቻ ቀይረው ዕቃውን እንደነበረው ከተዉት፣ በሚቀጥለው ጊዜ መያዣው ይተርፍና ማጠፊያው ይነቀላል። ይህን ያየሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም።

በሩን ጥሶ የወጣ ጣሳ ጉዞው እዚያ አያበቃም። የእርስዎን በምታክል ጀልባ የካቢኑ ወርድ 3 ሜትር ገደማ ነው። ጀልባዋ 90 ዲግሪ ስትተኛ ከላይኛው ጎን የተነሳ ዕቃ 2.5 ሜትር ወርዶ ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሚያርፈው ደግሞ ታችኛው አልጋ ላይ ነው። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ተኝቷል።

«90 ዲግሪ ትተኛለች ያለው ማን ነው?» ይሉኝ ይሆናል። ጥያቄዎ ውስጥ ይህ ግምት ያለ ይመስለኛል። በሸራ ስትሄድ 20 ወይም 25 ዲግሪ ያህል ማዘንበሏ የዘወትር ነገር ነው፤ ሰውም ዕቃውን የሚያስቀምጠው ያንን ብቻ አስቦ ነው። በጎን የሚመጣ ተሰባሪ ሞገድ ግን ሌላ ነው። ቁመቱ ከጀልባዋ ርዝመት ሲሶ የሚያህል ተሰባሪ ሞገድ በደንብ ሊያስተኛት፣ ቁመቱ የርዝመቷን 60 ከመቶ የሚያህል ደግሞ ጨርሶ ሊገለብጣት እንደሚችል በውሃ ገንዳ ሙከራ ታይቷል። ለእርስዎ ጀልባ ይህ 3 ሜትርና 6 ሜትር ገደማ ነው። 3 ሜትር ሞገድ ባህር ላይ ብርቅ አይደለም። ዕድልዎ አብዛኛው በጎንዎ ላይ አለመሰበሩ ነው።

በ1979 እ.ኤ.አ. ፋስትኔት በሚባለው፣ ከእንግሊዝ በሚነሳው የሸራ ጀልባ ውድድር 303 ጀልባዎች ተነስተው መንገድ ላይ ማዕበል ደረሰባቸው። 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። 24 ጀልባዎችን መርከበኞቻቸው ትተዋቸው ወጡ። ከነዚህ የሰመጡት 5 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 19ኙ ኋላ ላይ እየተንሳፈፉ ተገኙ። ሰው ከምትንሳፈፍ ጀልባ የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ግን ውስጧ ሰው የማያስቀምጥ ሲሆን ነው። ዛሬ የዓለም አቀፉ የሸራ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ ወርልድ ሴይሊንግ፣ ለሩቅ ባህር ውድድሮች ባወጣው ልዩ ደንብ ከባድ ዕቃ ሁሉ ጀልባዋ 180 ዲግሪ ብትገለበጥ እንኳ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ሆኖ መታሰር አለበት ይላል። ባትሪ፣ ምድጃ፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ ታንክ፣ የመሣሪያ ሳጥን፣ መልህቅና ሰንሰለቱ። እርስዎ አይወዳደሩም። ሞገዱ ግን ይህን አይጠይቅም።

ወደ ፍራሹ ልመለስ። ስፖንጅ ፍራሽ ጥቂት ኪሎ ቢመዝን ነው። ጀልባዋ ስትተኛ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ከስሩ ያለው የኮምፐርሳቶ ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ማጠፊያም መቀርቀሪያም የለውም። ፍራሹ ከሄደ ክዳኑ ይከተላል። ከክዳኑ ስር ያለውን ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። መሣሪያ፣ ትርፍ ሰንሰለት፣ የሞተር ዘይት፣ ምናልባትም ባትሪ። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ባለፈው ጉዞ የተበተነብዎት ጣሳና ሰሃን የዋዛው ክፍል ነበር። ዋናው ገና አልተነካም።

ሥራውን ከዚህ ይጀምሩ፤ ከባትሪው። ባትሪ በክዳን አይያዝም። በራሱ ይታሰራል። ጠንካራ ጠፍጣፋ ቀበቶ በላዩ ያሳልፉና ጫፎቹን ከጀልባዋ አካል ጋር በተያያዘ ጠንካራ እንጨት ላይ በብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ይሰሩ። በቪቴ አይደለም። ፕላስቲክ ሳጥኑን ማሰር ብቻውን አይበቃም፤ ሳጥኑ ራሱ ምን ላይ እንደተያዘ ይዩ። የባትሪው ጫፎች ላይ መሸፈኛ ይኑር፤ የወደቀ መፍቻ ሁለቱን ካገናኘ እሳት ነው። ሳጥኑን ግን አያሽጉት። የሊድ አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ መውጫ ይፈልጋል። የባህር ውሃ ከገባበት ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ሊፈጠር ይችላል። ባትሪውን ከፍ ባለ ግን በማይነቃነቅ ቦታ ማስቀመጥ የሚመከረው አንድም ለዚህ ነው።

ለአልጋ ስር ክዳኖች እኔ የምወደው ዘዴ ቀላል ነው። በክዳኑ አንድ ጠርዝ፣ ከስር በኩል፣ ሁለት የእንጨት ምላስ ይለጥፉ፤ ክዳኑ ሲገባ ምላሶቹ ከማዕቀፉ ስር ይሸጎጣሉ። በሌላኛው ጠርዝ ከክዳኑ ጋር እኩል የሚተኛ ባለ ቀለበት መቀርቀሪያ ይግጠሙ። ቀለበቱን አንስተው ሩብ ዙር ሲያዞሩት የብረት ምላሱ ከማዕቀፉ ስር ይገባል። ፍራሹ ላይ አይታወቅም፣ ጀርባም አይወጋም። ይህ ካልተገኘ በክዳኑ ላይ የሚያልፍ ቀበቶ ባለ መቆለፊያ ዘለበት ይሠራል። መልኩ አያምርም፣ ይይዛል።

ለቁም ሳጥን በሮች መርሁ አንድ ነው፦ ብረቱ በሩን በአካል መዝጋት አለበት፣ የሚከፍተውም የሰው እጅ ብቻ መሆን አለበት። ከዚህ ቤተሰብ ርካሹም ጠንካራውም ተራ መወርወሪያ ነው። የሚገጠምበት አቅጣጫ ግን ወሳኝ ነው። ወደ ላይ የሚወረወር መወርወሪያ በመንቀጥቀጡ ብቻ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ወደ ታች የሚወረወረው ደግሞ ጀልባዋ ስትገለበጥ ራሱን ይከፍታል። አግድም ይግጠሙት፣ እጀታው ጎድጓዳ ውስጥ ተጠምዞ የሚቀመጠውን ዓይነት ይምረጡ። ሲጫኑት ብቅ ብሎ የሚያዝ፣ መልሰው ሲጫኑት የሚቆልፍ ባለ አዝራር መቀርቀሪያም አለ። ያምራል። ውስጡ ያለው ምላስ ብረት ከሆነ እሺ፤ ፕላስቲክ ከሆነ ለሰሃን በር እንጂ ለጣሳ በር አይግጠሙት። በአንድ ቪቴ ላይ የምትዞረው የእንጨት መዝጊያ ደግሞ ከማግኔት ትሻላለች፤ ግን ቪቴው ሲላላ በመንቀጥቀጡ ራሷ ትዞራለች። ሁለት ይግጠሙ፣ አንዱ ላይ ዳዶ ያድርጉ።

አንድ ዓይነት ግን እጠላለሁ። በሩ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ጣት አስገብተው ከውስጥ ያለውን መቀርቀሪያ ይጫናሉ። ፋብሪካዎች ለዘመናት ገጥመውታል፤ የእርስዎ ጀልባ ላይም የሆነ ቦታ አይጠፋም። መቀርቀሪያው ራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ ጣትዎ ቀዳዳው ውስጥ እያለ ጀልባዋ ስትወረወር የሰውነትዎ ክብደት ሁሉ በዚያ ጣት ላይ መንጠልጠሉ ነው። የእኔ የቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት እስካሁን ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ካለዎት ከውስጥ ባለችው ምላስ ላይ አጭር ገመድ ይሰሩና ጫፉን በቀዳዳው ያውጡት፤ ገመዱን ይጎትቱ እንጂ ጣት አያስገቡ።

መቀርቀሪያው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የሚይዘው የተገጠመበትን እንጨት ያህል ነው። 30 ዓመት ያለፈው ኮምፐርሳቶ ጠርዝ ላይ የገባ አጭር ቪቴ በጣት ጉልበት ሊወጣ ይችላል። አሮጌውን ቪቴ ይንቀሉ። ቀዳዳው ደርቆ ጤነኛ ከሆነ በትራፓኖ አስፍተው ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ሙጫ ይሙሉትና እንደገና ይብሱት። እንጨቱ ጠቁሮ ከለሰለሰ ግን ኢፖክሲ አያድነውም፤ ያ ክፍል ይቀየር። ከባድ ዕቃ ባለበት በር ላይ ማጠፊያውንም መቀርቀሪያውንም ዘልቆ በሚያልፍ ብሎን ይግጠሙ። ብረቱ አይዝጌ ይሁን፤ ለጨው 316 የሚባለው ይመረጣል። የበሩንም ሆድ ይዩ። መሃሉ በቀጭን ጣውላ ወይም በተጠለፈ ሽመል የተሞላ በር ጠርዙ ጸንቶ ሆዱ ይቀደዳል። ከውስጥ በኩል ኮምፐርሳቶ ደርቡበት። አየር መውጫ ቀዳዳ ግን ይተዉለት፤ የታፈነ ቁም ሳጥን በሳምንት ይሻግታል።

ወደ ጎን የሚንሸራተቱ በሮች ሌላ ችግር አላቸው። ወደ ላይ ከፍ ሲደረጉ ከሃዲዳቸው ይወጣሉ፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ ደግሞ «ላይ» የሚባለው ታች ነው። ከላይኛው ሃዲድ ውስጥ ቀጭን እንጨት ይሸጉጡ፣ ያበቃል። መሳቢያዎች ከፍ ተደርገው የሚሳቡ ከሆኑ መወርወሪያ ይጨምሩላቸው። የበረዶ ሳጥን ክዳን፣ የካርታ ጠረጴዛ ክዳን፣ የወለል ጣውላዎች፣ የሞተሩ መሸፈኛ የሆነው መሰላል፣ እነዚህ ሁሉ እንደ አልጋ ስር ክዳን ይቆጠሩ። የወለሉን ጣውላ ሲያስሩ ግን ያለ መሣሪያ፣ በአንድ እጅ እንዲከፈት ያድርጉ። ውሃ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልጉት ከሱ ስር ያለውን ነው።

ቁልፍን የምቃወመው ለዚሁ ነው። ጓጉንቸር ወደብ ላይ ለሌባ ነው። ባህር ላይ ቁልፉ ከኪስ ይወጣል፣ ይጠፋል፣ ጨው ይበላዋል። ሌሊት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ እየገባ ቁልፍ ፍለጋ መሄድ አይታሰብም። ወደ ውሃ መዝጊያዎቹ፣ ወደ እሳት ማጥፊያው፣ ወደ መድኃኒት ሳጥኑ የሚያደርስ ምንም በር ቁልፍ አይኑረው። እሳት ማጥፊያውማ ጭራሽ ከበር ኋላ አይቀመጥ። የጋዝ ሲሊንደሩን ሳጥን በተመለከተ፣ ሲሊንደሩን ይሰሩት እንጂ ሳጥኑ ወደ ውጭ የሚያፈስበትን ቀዳዳ አይድፈኑ። የምድጃ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይወርድና እዚያ ብልጭታ ይጠብቃል።

አሁን ዕቃ አደራደር። ከላይኛው ቁም ሳጥን ጣሳና ጠርሙስ ያውጡ። ሁሉንም። እዚያ ልብስ፣ ፎጣ፣ ዳቦ፣ የመጸዳጃ ወረቀት ይግባ፤ ቢወድቁም ማንንም አይጎዱም። ከባዱ ዕቃ ወደ ታች፣ ወደ መሃል ይውረድ። ጣሳዎቹን ልካቸው በሆነ ሳጥን ይደርድሩና ሳጥኑ ቦታውን ልክክ አድርጎ ይሙላ። የተረፈውን ክፍተት በልብስ ወይም በስፖንጅ ይጠቅጥቁት። እጅዎን ሰድደው ዕቃውን ሲወዘውዙት ድምፅ ከሰሙ ገና አልሞላም። ጠርሙስ ካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ቀልድ አይደለም፣ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። የምግብ ዘይት በጠርሙስ አይያዝ። አንዴ አንድ ሊትር ዘይት ወለላችን ላይ ፈስሶ ሁለት ቀን ሙሉ በቂጣችን ስንንሸራተት ነው የከረምነው። የላስቲክ ገመድ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ይበቃል። ለከባድ ነገር ግን ተለጥጦ ያሳልፋል፣ ከዚያም መልሶ ይወረውራል።

ሥራው ሲያልቅ በዓይን አይመኑት። የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን ይያዙና እያንዳንዱን በር ሊከፈት በሚችልበት አቅጣጫ ይጎትቱ። የእኔ መለኪያ በውስጡ ካለው ዕቃ ክብደት ሦስት እጥፍ ነው። ይህን የምለው ውስጡ በደንብ ከተጠቀጠቀ ነው፤ ባዶ ቦታ ካለ ቀደም ብለን እንዳየነው ሃያ እጥፍም ላይበቃ ይችላል። የአልጋ ስር ክዳኖችን ደግሞ ከስር በኩል በእጅዎ ወደ ላይ ይግፉ። ከተነሳ አልታሰረም።

ምክሬን ቁርጥ ላድርገው። ማግኔት አይግዙ፣ ቁልፍ አይግጠሙ። መጀመሪያ ባትሪና ሌላው ከ5 ኪሎ በላይ የሆነ ዕቃ ሁሉ በብሎንና በቀበቶ ይታሰር። ቀጥሎ የአልጋ ስርና የወለል ክዳኖች። ከዚያ የላይኞቹ ቁም ሳጥኖች ይቅለሉና አግድም መወርወሪያ ይገጠምላቸው። ጊዜ ቢያጥርብዎት የሚቀረው ይህ የመጨረሻው መወርወሪያ ይሁን፤ በሩ ባይበረታም ከኋላው ፎጣ ብቻ ካለ ግድ የለም። ይህን ሁሉ ቢያደርጉም የተገለበጠች ጀልባ ውስጥ የሆነ ነገር መብረሩ አይቀርም። ዓላማው የሚበረው ነገር ቀላል እንዲሆን ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት ካሳለፉ በኋላ ጠዋት ላይ በየበሩ ይዙሩና መወርወሪያውን በጣት ይነቅንቁ። አዲስ የተገጠመ ብሎን የሚላላው በዚያች ሌሊት ነው። መፍቻውን ግን ያው የመሣሪያ ሳጥን ስር አይቅበሩት፤ በቀላሉ የሚደርሱበት ቦታ ይኑር።